የድመት ልጅ እግር ሲሰበር

ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ የወደቀች የአራት ወር ድመት በጫማ ካርቶን ሆና ወደ ቤቴ መጣች። ያመጣት የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እትዬ፣ እግሯ ተሰብሯል፤ ቶሎ እንሰርላት» አለኝ። የኋላ ግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እሱ እግሩን ያያል፤ እኔ እግሩን ትቼ ደረቷን ማየት ያዝኩ። «እግሯ እኮ ነው!» አለኝ ደግሞ።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ዓይን የሚስበው የተሰበረው እግር ነው። ግን የድመት ልጅ አጥንት የመግጠም ጉልበት አለው። ካረፈ፣ ደም ከደረሰውና ተገቢ ምግብ ካገኘ ይገጥማል። እግሯ ተሰብሮ የምትሞት ትንሽ ድመት ብዙውን ጊዜ የምትሞተው በስብራቱ ሳይሆን ከስብራቱ ጀርባ በተደበቀ ሌላ ጉዳት ነው፤ አለዚያም እኛ አዝነንላት በምናደርገው ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነገር ነው። የእንስሳት ሐኪምን አይተካም፤ ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱና ከሐኪም ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ረጅም ሳምንታት ግን ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ትንፋሿን

ድመቷ በተጋደመችበት ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ለ30 ሴኮንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። የተረጋጋች ድመት በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ትተነፍሳለች። ከ40 ካለፈ፣ ሆዷ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር የሚጎተት ከሆነ፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ድመት ግን አፏን ከፍታ የምትተነፍሰው ብዙውን ጊዜ አየር ሲያጥራት ነው። የእኛዋን ስቆጥር 52 ሆነ።

ከፍ ካለ ቦታ የወደቀች ወይም መኪና የገጫት ድመት ሳንባዋ ሊቀጠቀጥ ይችላል። አየር ከሳንባዋ ሾልኮ በሳንባውና በደረቷ ግድግዳ መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ስስ ጡንቻ ተቀዶ አንጀቷ ወደ ደረቷ የሚገባበት ጊዜም አለ። እነዚህ ሁሉ ከውጭ አይታዩም፤ ቁስልም ደምም የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ሆስፒታል ስለ ደረሱ 132 ድመቶች የታተመ ጥናት አለ። ከታከሙት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል፤ ከአብዛኞቹ ላይ የተገኘው ጉዳት ግን የደረት ጉዳት ነበር። ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ «ድመት ብትወድቅ ምንም አትሆንም» ለማለት ይጠቀሳል። ወድቀው እዚያው የሞቱት ሆስፒታል እንዳልመጡና እንዳልተቆጠሩ ግን መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ። ሮዝ መሆን አለበት። በጣት ጫን ብላችሁ ስትለቁት ነጭ ይሆንና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ነጭ ሆኖ የሚቆይ ድድ ውስጥ ውስጡን ደም እየፈሰሰ ነው ወይም ደም ለሰውነቷ በበቂ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ ያደላ ድድ ደግሞ ኦክሲጅን አልደረሰም ይላል። በእነዚህ ሁኔታዎች አጥንቱን መነካካት አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሦስተኛው ሽንት ነው። ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ከአደጋው በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ያልሸናች ድመት የሽንት ፊኛዋ ፈንድቶ ወይም ፊኛውን የሚያዘው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጭራዋ ሞቶ የሚንጠለጠል ከሆነ ተጠንቀቁ። በር የቆነጠጣት ወይም ጎማ ጭራዋን የያዛት ድመት የጭራዋ ሥር ሲጎተት፣ ወደ ፊኛና ወደ ዓይነ ምድር መውጫ የሚሄዱት ነርቮችም አብረው ይጎተታሉ። የተሰበረ ጭራ ቀላል ይመስላል፤ አንዳንዴ ከተሰበረ እግር የከፋ ነው።

ስታነሷት ከሥሯ ጠንካራ ካርቶን ወይም የተዘረጋ ፎጣ አንሸራትቱ፤ በእጅ ጭኖቿን ይዛችሁ አታንጠልጥሏት። የተሰበረው እግር ወደ ላይ ሆኖ በጎኗ ትተኛ። ከላይ በስስ ጨርቅ ብትሸፍኑላት ጨለማው ያረጋጋታል። ትንሽ ድመት ቶሎ ትቀዘቅዛለችና ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኗ አድርጉ። ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ምግብ አትስጧት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልጋት ይችላል።

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ፣ ንጹሕ ፋሻ ወይም የታጠበና የተተኮሰ ነጠላ ቁራጭ ጣል አድርጉበት። ወደ ውስጥ አትግፉት። ቡና ዱቄትም፣ አመድም፣ አልኮልም አይነካው። ይህ በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ስብራት ነው።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር ልበል። የምትወዳችሁ ድመት እንኳ ሲያማት ትነክሳለች። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያልጠፋበት አገር ነው፤ በሽታውን ድመትም ታስተላልፋለች። የማታውቋትን ድመት ስታነሱ ወፍራም ፎጣ ወይም ጋቢ ተጠቀሙ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጥልቅ ነው፤ በማግስቱ እጅ የሚያሳብጠውም ለዚህ ነው።

የእኛ ማስታገሻ ለእሷ መርዝ ነው

ከዓመታት በፊት፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ እኔው ቤት እግሯን ያመማት ድመት ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ አንጀታችን ስላልቻለ ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል አድቅቀን በወተት ሰጠናት። ጩኸቷ ቆመ፤ ተሻላት ብለን ተኛን። ሲነጋ ፊቷና መዳፎቿ አብጠው፣ ድዷ ቡናማ ሆኖ፣ እየተንገላታች ትተነፍሳለች። ከቀትር በፊት ሞተች። የሞተችው በእግሯ ሕመም አልነበረም፤ እኛ በሰጠናት ነገር ነው። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጠቁጠኛል፤ እዚህ የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ ወደ ሽንት የሚያስወግድበት ኢንዛይም አለው። ድመት ይህ ኢንዛይም በበቂ የላትም። ስለዚህ መድኃኒቱ በሌላ መንገድ ይፈርስና መርዛማ ነገር ይሆናል። ያ መርዝ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያጠቃል፤ ደሟ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ቡናማ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ባለ 500 ሚሊግራም የሆነ አንድ ፍሬ ጎልማሳ ድመትን ይገድላል፤ አንድ ኪሎ ለምትመዝን የድመት ልጅ ደግሞ ከዚያ ቁራጩ ይበቃል። ለልጆች የሚሰጠው ሽሮፕም ያው ፓራሲታሞል ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ፤ አስፕሪን ከድመት ሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል።

በስህተት ከተሰጣት ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ማርከሻ አለው፤ ኤን አሴቲልሲስቲን ይባላል፤ የሚያድናት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት እንደወሰደች ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

ይህ ማለት ሕመሟን ትቻለው ማለት አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞች ለድመት የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሏቸው፤ ቡፕረኖርፊንና በጥንቃቄ ተለክቶ የሚሰጥ ሜሎክሲካም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሜሎክሲካም ውሃ ላጠራት ወይም ደም ለፈሰሳት ድመት አይሰጥም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ አይደለም። ሕመሟን ለማወቅ ደግሞ ጩኸቷን አትጠብቁ። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ጥግ ውስጥ መሸጎጥ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ ዓይንን ማጥበብ፣ ጆሮን ወደ ጎን መጣል፣ ራስን መላስ መተው፣ ይህ ሁሉ ሕመም ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ኩርር ኩርር የሚለውን ድምፅ ደስታ ብቻ አድርገን እንወስደዋለን፤ ድመት በጣም ሲያማትም ያንኑ ድምፅ ታሰማለች።

ስለ ማሰርና ስለ ወጌሻ

እኛ አገር አጥንት ሲሰበር ቀድሞ የሚታወሰው ወጌሻ ነው። የተወለቀ ትከሻ በጥበብ ሲመልሱ ያየኋቸው አሉ፤ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ትንሽ ድመት ላይ ግን ማሸትና በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ያመጣል።

የመጀመሪያው የደም መታፈን ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። ሲታሰር ልክ የነበረው ነገር ሲያብጥ ይጠብቃል፤ ደም መሄድ ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል። በሰው ልጆች ላይ እንኳ ጠብቆ ከታሰረ ስንጥር የተነሳ እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ መኖሩን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። የድመት ልጅ ቅልጥም ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም፤ የደም ሥሮቿም ያን ያህል ቀጫጭን ናቸው።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ስንጥርም ሆነ ጀሶ ሥራውን የሚሠራው ከስብራቱ በላይ ያለውን መገጣጠሚያና በታች ያለውን መገጣጠሚያ አብሮ ሲይዝ ነው። የጭን አጥንት ከተሰበረ ከላይ ያለው ዳሌ ነው፤ የክንድ አጥንት ከተሰበረ ከላይ ያለው ትከሻ ነው። ዳሌንና ትከሻን በስንጥር መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ጭኗ የተሰበረን ድመት ከጉልበቷ በታች ብታስሩላት ያሰራችሁት ነገር ክብደት ሆኖ ይንጠለጠላል፤ በተራመደች ቁጥር ስብራቱን ያወዛውዘዋል፣ ሹሉ አጥንት ውስጡን ያለውን ሥጋና ነርቭ ይወጋዋል። ለጎረቤቴ ልጅ «አናስራትም» ያልኩት ለዚህ ነበር። በካርቶን ውስጥ ጸጥ ብላ መተኛቷ ከማንኛውም ስንጥር ይሻላታል።

ቶሎ ይገጥማል፤ ጠማማውንም ቶሎ ይገጥማል

የድመት ልጅ አጥንት ከጎልማሳዋ አጥንት ይለያል። አጥንቱን እንደ ልብስ የሚሸፍነው ስስ ቆዳ በልጅነት ወፍራምና ደም የበዛበት ነው፤ አዲስ አጥንት የሚያመነጨውም እሱ ነው። አጥንቱ ራሱ ገና ለጋ ስለሆነ አንዳንዴ እንደ ደረቅ እንጨት ለሁለት አይሰበርም፤ እንደ እርጥብ ዱላ በአንድ በኩል ይሰነጠቅና በሌላው በኩል ይጎብጣል።

ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋል። በረጋው ደም ውስጥ አዳዲስ የደም ሥሮች ይገባሉ፤ ከዚያ ለስላሳ የሆነ ለጋ አጥንት ሁለቱን ጫፎች እንደ ድልድይ ያያይዛል፤ ድልድዩ እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ትርፉ ይቀረፋል። እግሯን ስትዳስሱ የምታገኙት እብጠት መሰል ጠንካራ ነገር ይህ ድልድይ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። ሦስት ወር ያልሞላት ድመት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ልትገጥም ትችላለች። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለች ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋታል። ጎልማሳዋ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጅባታል።

ይህ ፍጥነት በረከት ነው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም እሱ ነው። አጥንቱ ጫፍና ጫፉ ተላልፎ ከተቀመጠ እዚያው እንዳለ ይገጥማል። «ለሳምንት እንያት» ያሉት ሰዎች በሳምንቱ ራጅ ሲያስነሱ ድልድዩ መሠራት ጀምሮ ያገኙታል፤ በሁለተኛው ቀን ቀላል የነበረው ሥራ ያን ጊዜ ከባድ ሆኗል።

በተለይ የሚያሳስበው የአጥንቱ ማደጊያ ነው። ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት በጫፎቻቸው አጠገብ ካለ፣ እንደ ስስ ሰሌዳ ከተነጠፈ ለጋ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ ነው። ጎልማሳዋን ድመት ጅማቷን የሚበጥስ ጉልበት ትንሿን እዚህ ቦታ ላይ ይሰብራታል፤ ከሁሉ የሚበዛውም ከጉልበት ከፍ ብሎ በጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ነው። ቶሮንቶ ውስጥ የነበሩት ሮበርት ሶልተርና ሮበርት ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1963 የሕፃናትን የማደጊያ ስብራት በአምስት መደብ ከፍለው ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬ የድመት ልጅን ራጅ ሲያነቡ የሚጠቀሙት ያንኑ ክፍፍል ነው። ማደጊያው ከተጎዳ እግሩ አጥሮ ወይም ጎብጦ ሊቀር ይችላል። የፊት እግር ላይ ደግሞ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ስለሚያድጉ፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ሲቀጥል እግሩ እንደ ቀስት ይለመጣል። እንዲህ ያለው ስብራት በቀጫጭን ብረት የሚያያዘው በቀናት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ራጅ ያስፈልጋል፤ ያለ ራጅ ስብራቱ የት እንዳለ መገመት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ለድመት አጥንት ብረት የሚያስገባ ሐኪም በየከተማችን አይገኝም፤ አብዛኛው የእንስሳት ክሊኒክ የተደራጀው ለከብት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሐኪሞችን ያስተምራል፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። የትም ብትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉ። ራጅ አላችሁ ወይ? ለድመት የሚሆን ማደንዘዣ አላችሁ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የተሰበረች ድመት ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ከመንከራተት ያድናል።

ቀዶ ሕክምና ካልተገኘ ተስፋ ይቆረጣል ማለት አይደለም። ጫፎቹ ብዙ ያልተራራቁ የመሃል አጥንት ስብራቶች፣ ብዙዎቹም የዳሌ ስብራቶች፣ በዕረፍት ብቻ ይገጥማሉ። የእግሩ ነርቭ ሞቶ ወይም ሥጋው ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ መቁረጥን ሊያነሳ ይችላል። ይህ ለእኛ የሚሰቀጥጥ ነው። ድመት ግን በሦስት እግር በሳምንታት ውስጥ መሮጥ ትለምዳለች፤ እግሯን አጣሁ ብላ አታዝንም። ከሚጎተት፣ ከሚቆስል እግር ጋር መኖር ይከብዳታል።

የእኛዋን ሐኪሙ መጀመሪያ ያነሳላት የደረት ራጅ ነበር። በሳንባዋ ዙሪያ ትንሽ አየር ነበረ። ሁለት ቀን አሳረፋት፤ ትንፋሿ ወደ 28 ሲወርድ ነው እግሯን የነካው። ስብራቱ የጭኗ መሃል ላይ ነበር፤ ማደጊያው ደህና ነበር፤ ጫፎቹም ተቀራርበው ነበር። «አምስት ሳምንት ሣጥን ውስጥ» ብሎ ሰጠን።

ሳይወድቁ የሚሰበሩት

አንዳንዴ ሰው መጥቶ «ከወንበር ብቻ ነው የዘለለችው» ይላል። እውነቱን ነው። የድመት ልጅ ከወንበር ዘልላ እግሯ ከተሰበረ ችግሩ መዝለሏ ሳይሆን የምትበላው ነው።

ለድመት ሥጋ ጥሩ ነው ብለን ከሥጋ ቤት ሳንባ ወይም ቅንጥብጣቢ ገዝተን ብቻውን እንሰጣለን። ዱር ያለች ድመት ግን አይጧን የምትበላው ከነአጥንቷ ነው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ለአንድ እጅ ካልሲየም ወደ 20 እጅ የሚጠጋ ፎስፈረስ አለ፤ ጉበት ውስጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የምታድግ ድመት የሚያስፈልጋት ሁለቱ እኩል ለእኩል ወይም ካልሲየሙ ትንሽ በለጥ ብሎ ነው። በደሟ ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል አንገቷ ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች ይቀሰቀሳሉ፤ ልብና ጡንቻ እንዲሠሩ ሲሉ ካልሲየሙን ከአጥንቷ ያስወጣሉ። አጥንቷ ከወር ወደ ወር ይሳሳል። መጫወት ትታ ትተኛለች፤ ሲያነሷት ትጮኻለች፤ ታነክሳለች፤ ጀርባዋ ይሰረጉዳል። በመጨረሻ አንድ ቀን ይሰበራል፤ አንዳንዴም ከአንድ ቦታ በላይ።

ለእነዚህ ድመቶች ብረት ማስገባት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ አጥንቱ እንደ ወረቀት ስለሆነ ብረቱን አይዝም። የሚያድናቸው ዕረፍትና የምግብ መስተካከል ነው። ለድመት ልጆች የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ የሚገኝ ከሆነ ሚዛኑ ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ ከሁሉ ይሻላል። የማይገኝ ወይም ዋጋው የማይቻል ከሆነ ለጊዜው የሚረዳ ነገር ከየቤቱ አለ። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ በምጣድ በደንብ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ በዚያ ውስጥ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለ፣ ይህም ከሥጋው ፎስፈረስ ጋር ይመጣጠናል። ከዚህ በላይ መጨመር አይጠቅምም። ምግቧ ደህና የሆነች፣ ወድቃ የተሰበረች ድመትም ካልሲየም ቢጨመርላት ቶሎ አትገጥምም። ሥጋው ከተቀቀለ መረቁን አትድፉት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን ወደ መረቁ ይወጣል። ልብ የሚባለው ሥጋ በታውሪን የበለጸገ ነው።

ወጥ ግን አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ተቁላልቶም ቢሆን፣ በሽሮ ውስጥ ተሰውሮም ቢሆን። ዐቢይ ጾም ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ቤቱ ለ55 ቀን ሥጋም እንቁላልም አይገባበትም፤ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ድመቷ እንጀራ በሽሮ ይሰጣታል። አጥንቷን እየገጠመች ያለች የድመት ልጅ በእህል ብቻ አትገጥምም። ጾሙ ሲቃረብ ሥጋ ገዝቶ በየቀኑ ልክ ከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ከጎረቤት እንቁላል ማስቀቀል ይቻላል። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፤ ከጎረቤቶቼ አንዷ፣ የማትጾም፣ በየማለዳው አንድ እንቁላል ቀቅላ ትልክላት ነበር።

ሣጥን ውስጥ አምስት ሳምንት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመውም ይህ ነው።

ሣጥኑ ድመቷ ቆማ የምትዞርበት፣ በአንድ ጫፍ የምትተኛበት፣ በሌላው ጫፍ የምትጸዳዳበት ስፋት ይኑረው፤ ግን የምትዘልበትና የምትንጠለጠልበት ከፍታ አይኑረው። የዶሮ ጎጆ፣ በሽቦ የተከደነ የእንጨት ሣጥን፣ ትልቅ የፍራፍሬ ካርቶንም ይሆናል። ከታች የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። የመጸዳጃ ሳህኗ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፤ አሮጌ ትሪ ይበቃል። ቁስል ወይም ስፌት ካላት አሸዋ ስለሚጣበቅባት የተቀዳደደ ጋዜጣ ተጠቀሙ። አንደኛው ጎን በጨርቅ ይሸፈን፤ መደበቂያ ያላት ድመት ትበላለች፣ የሌላት አትበላም።

መብላቷን በየቀኑ ተከታተሉ። የድመት ልጅ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ሐኪም ይወቅ። ጎልማሳ ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቆይ ስቡ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ጉበቷን ያደክማል፤ ትንሿ ደግሞ ስኳሯ ቶሎ ይወርዳል። ምግቡን ለብ አድርጉት፤ ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው፣ የቀዘቀዘ ምግብ አይሸታትም። ዳሌዋ የተሰበረ ከሆነ ዓይነ ምድሯንም ተከታተሉ፤ የጠበበ ዳሌ ለድርቀት ይዳርጋል።

ጀሶ ወይም ፋሻ የታሰረላት ከሆነ ጣቶቿን ጠዋትና ማታ እዩ። ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ተቀራርበው፣ ሞቀው ካሉ ደህና ነው። ጣቶቹ ከተራራቁ፣ ከቀዘቀዙ፣ መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ድመቷ በድንገት ፋሻውን መንከስ ከጀመረች እስከ ቀጠሮው አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይፈታ። የምታድግ ድመት እግሯ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ዛሬ ልክ የሆነው በአሥር ቀን ይጠብባታል። ስለዚህ በየሳምንቱ መታየት አለበት። እርጥበት አይንካው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፈተናው ይመጣል። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ድመቷ መጫወት ትፈልጋለች፣ ሽቦውን ትቧጥጣለች፣ ትጮኻለች። ቤተሰቡ ይራራላትና «ትንሽ ትውጣ» ይላል። ድልድዩ ግን ያን ጊዜ ገና ለስላሳ ነው፤ አንዲት ዝላይ ትሰብረዋለች። በዚህ ጊዜ ከሣጥኑ ሳትወጣ አጫውቷት፤ ምግቧን በተቦጫጨቀ ካርቶን ውስጥ ደብቃችሁ ትፈልገው፤ በክር የታሰረ ላባ ቀስ አድርጋችሁ ከፊቷ አንቀሳቅሱ፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አንገቷን እከኩላት። የጎረቤቴ ልጅ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የቤት ሥራውን ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር፤ እሷም የእርሳሱን ጫፍ እያየች ጸጥ ትላለች።

የጭን አጥንት ስብራት ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጭኗ የፊት ጡንቻ ከሚያድገው አጥንት ጋር ተጣብቆ ጉልበቷ እንደ ዱላ ተዘርግቶ ሊቀር ይችላል፤ አንዴ ከቀረ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መቼ እንደሚጀመር ሲነግራችሁ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጉልበቷን በዝግታ እያጠፋችሁ መዘርጋት ሊያስፈልግ ይችላል። እስኪያማት ድረስ አይደለም፤ እግሯን ስትስብ ታቆማላችሁ።

ከሣጥን የምትወጣው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በራጅ ነው። በአምስተኛው ሳምንት የተነሳው ራጅ ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ አሳየ። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሶፋና ወደ ቁም ሣጥን አልተለቀቀችም። ሁለት ሳምንት ምንም የሚወጣበት ዕቃ በሌለበት ክፍል ውስጥ ቆየች፤ ስስ የሆነው ጡንቻዋ እስኪመለስ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጁና አባቱ በረንዳውን በዶሮ ሽቦ ሸፈኑት። የበረንዳ ብረት ለሕፃን የተለካ ነው፤ የድመት ልጅ ጭንቅላቷ ካለፈ መላ አካላቷ ያልፋል። ሽቦውን ከወለሉ ጀምረው እስከ ጣሪያው አወጡት፤ ወጣ ስትል የምትይዘው ነገር ስለምታገኝ ከላይ ክፍት ከተተወ ወጥታ ታልፈዋለችና።